የሚጠበቅ ቀን፦ ጀማሪ ደራሲና አንባቢው፣ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ጦማር

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ የተሳሳተ መልስ ይጀምራል፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሦስት መቶ ገጽ የሚያህል የልብ ወለድ ረቂቅ በፌስታል አንጠልጥሎ ቢሮዬ መጣ። ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ ካኖረ በኋላ የጠየቀኝ ስለ አጻጻፉ አልነበረም። «መምህር፣ ይህንን ማን ያነብልኛል?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «በመጀመሪያ አሳትመው፤ አንባቢው ከዚያ በኋላ ይመጣል» ብዬ አሰናበትሁት። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ነገር ግን ያን ዕለት የተናገርሁት የገዛ አገሬን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ እንደማያውቅ ሰው ነበር። በአገራችን መጽሐፍ ቀድሞ አንባቢ የተከተለባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሰው በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ፣ ደጋግሞ ሲጽፍ ወይም ሲናገር የሚጠብቀው ሰው ያገኛል፤ መጽሐፉ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነገሩን ከዚሁ ከሐይቃችን ዳር ልጀምር። እኔ በልጅነቴ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ሰዎች በዚህ ዳርቻ ቆሜ እመለከት ነበር። ዘጌ በቡናዋና በገዳማቷ ትታወቃለች፤ ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጸሐፊ የተወለደባት መሆኗን በዚያ ዘመን የነገረኝ አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለደ፤ የቤተ ክህነት ትምህርቱን ጀምሮ፣ ሥዕል ተምሮ፣ ወደ ጣሊያን ተሻገረ፤ በኔፕልስ በምሥራቃውያን ጥናት ተቋምም አማርኛ አስተማረ። «ልብ ወለድ ታሪክ» የተሰኘውን መጽሐፉን፣ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም አሳተመ። ኋላ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር በማበሩ ስሙ ጎድፏል፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ገለጻ የሚሻ ነው። እዚህ ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፉ ሲታተም አማርኛ አንባቢው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። መጽሐፉን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ልብ ወለድ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅም እምብዛም አልነበረም። ተማሪዬን «በመጀመሪያ አሳትመው» ስለው ሳላውቀው የአፈወርቅን መንገድ ነበር የመከርሁት። ጎበዝ ጸሐፊ፣ ጥሩ ማተሚያ ቤት፣ የታተመ መጽሐፍ፤ የጎደለው የሚጠብቅ ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን የሚጠብቅ ታዳሚ በዚህ አገር አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። ከዘጌ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ብንሄድ ዋሸራንና ጎንጅን እናገኛለን። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ቀን ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ተመልሶ፣ ጓደኞቹ ባሉበት ይነግራል። በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲበረታ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ እያለም እስከ መወድስ ይወጣል። የኔታ ያርማሉ፤ አንዳንዴም ገና ሳይጨርስ ያስቆማሉ። የዛሬው ቅኔ ለዛሬ ነው፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ አያስመሰግንም። አንድ ተማሪ ለሦስት ዓመት በቀን አንድ ቢቆጥር ከሺህ በላይ ቅኔ በሰው ፊት አቅርቧል ማለት ነው፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ የትም አይጻፉም። ተማሪው የሚያተርፈው ሁለት ነገር ነው፤ እጁ ይፈታል፣ ስሙም ይሰማል። በበዓል ቀን በማኅሌት ቆሞ ቅኔ ሲያቀርብና ጉባኤው «ይበል!» ሲለው ከየት መጣ አይባልም፤ አስቀድሞ በየቀኑ ሰምተውታል። የአውሮፓ ልብ ወለድ በጋዜጣ እየተቆራረጠ ከመቅረቡ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በዚህ ክፍለ አገር ጀማሪን ከታዳሚ ጋር የሚያገናኝ የታወቀ ሥርዓት ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የኅትመት ዘመን ሲመጣ ሥርዓቱ ከአደባባይ ወደ ወረቀት ተሸጋገረ፤ ሽግግሩ ግን አዝጋሚ ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ያህል ለመኳንንቱ የሚታደል ነበር፤ አዘጋጁም እንድሪያስ ካቫዲያ የተባለ የግሪክ ሰው ነው። በ24 ቅጂ ጀማሪ ጸሐፊ አይወለድም። ቁም ነገሩ የተለወጠው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት የሚታተመው «ብርሃንና ሰላም» ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣ ነበር፤ ቅጂው 500 ያህል ነበር። ዛሬ ለአንድ የግጥም መድብል እንኳ ያንሳል የምንለው ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቅጂ ብዙ እጅ ይዞር ነበርና 500ን እንደ 500 መቁጠር የለብንም።

በዚህ ጋዜጣ ላይ የጻፉት ሁሉ ታላላቅ ሰዎች አልነበሩም። ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች፣ ጸሐፍትና መምህራን ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ሥልጣኔ ሐሳባቸውን ይልኩ ነበር። ውዳሴው በዝቶ አንባቢን የሚያሰለችባቸው ገጾች አሉ፤ እኔም ባነበብሁ ቁጥር የምዘላቸው ናቸው። ከውዳሴው መካከል ግን አንድ ሰው ለሌላው ሲመልስ፣ ያም መልሶ ሲጽፍ እናያለን። ጸሐፊው ሐሙስ ሲመጣ ጽሑፉን የሚያነብ፣ ከዚያም አልፎ የሚከራከረው ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በዘለቁት ዐሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ የተፈጠረው ትልቁ ነገር ይህ ልማድ ይመስለኛል። የመጽሐፍ ገበያ ገና አልነበረም፤ ሐሙስን መጠበቅ ግን ነበር። ከነጻነት በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ሲጀመርም በሳምንታዊነቱ ይህንኑ ልማድ ወረሰ።

በሌላው ዓለም የሆነውንም ባጭሩ ላንሣ። ቻርልስ ዲክንስ በ1836 እ.ኤ.አ. «የፒክዊክ ወረቀቶች»ን በየወሩ በቀጭን ጥራዝ ማውጣት ሲጀምር የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጥራዞች የተሸጡት በመቶዎች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ታሪኩ ሲያልቅ የወሩ ሽያጭ 40 ሺህ ደርሷል። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ አልተሳካለትም፤ አልተሳካም ብሎ ግን በሦስተኛው ወር አላቋረጠም። ዓባያችን በሚያልፍባት ካይሮ ደግሞ ናጊብ ማህፉዝ በ1959 እ.ኤ.አ. «የሠፈራችን ልጆች»ን በ«አል አህራም» ጋዜጣ በተከታታይ አወጣ። መጽሐፉ በግብፅ እንዳይታተም ቢከለከልም ታሪኩ እስከ መጨረሻው በጋዜጣው ላይ ወጥቶ ነበር። የዕለት ወረቀት አንዳንዴ መጽሐፍ የማይገባበት ይገባል።

አሁን በዚህ ርእስ ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ሰው ልምጣ፤ ጊዜዬንም በእርሱ ላይ ባጠፋ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። ጳውሎስ ኞኞ በ1926 ዓ.ም. በቁልቢ ከግሪካዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በዚህ አዳራሽ ላለን የዶክትሬት ባለቤቶች ይህ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር አለው፤ የምኒልክንና የቴዎድሮስን ታሪክ በተመለከተ ተራው አንባቢ የሚያውቀው የእርሱን መጽሐፍ እንጂ የእኛን የጥናት መጽሔት አይደለም። ይህ እንዴት ሆነ? ጥሩ ጸሐፊ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ጥሩ ጸሐፊ ሆነው ያልተነበቡ ግን ብዙ ናቸው።

ጳውሎስ በ«አዲስ ዘመን» ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንባቢ ጥያቄ ይልካል፣ ጳውሎስ ይመልሳል። ጥያቄው ስለ ታሪክ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ጤና፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሰማይና ምድር፤ የሞኝ የሚመስልም አይጠፋበትም። መልሱ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ዕውቀት፣ አንዳንዴ ቀልድ፣ አንዳንዴም ጠያቂውን በራሱ ላይ የሚያስቅ። ከክፍለ አገር የሚጽፍ ተማሪ ስሙን በጋዜጣ ላይ አይቶ ጋዜጣውን ለጓደኞቹ ሁሉ ያሳያል። በዚህ መንገድ ጳውሎስ ያገኘው አንባቢ ጋዜጣ ገዥ ብቻ አልነበረም፤ ደብዳቤ የጻፈለት፣ መልስ የተቀበለ ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ እነዚያ ወፋፍራም የታሪክ መጻሕፍት ሲወጡ ደጅ የሚጠኑት እንግዳ አንባቢን አልነበረም። አንባቢው ድምፁን ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚቀልድና መቼ እንደሚቆጣ ጭምር።

ስለ ጳውሎስ አንድ ነገር ልጨምር። የአጼ ምኒልክን ደብዳቤዎች እየፈለገ በመሰብሰብ ብዙ ደክሟል፤ ስብስቡም ከሞተ በኋላ ታትሟል። የሌሎችን ደብዳቤ ሲመልስ የኖረ ሰው የንጉሥ ደብዳቤ መሰብሰቡ ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ሰው በደብዳቤ ውስጥ እንዴት እንደሚገለጥ ያውቅ ነበር። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ተማሪዎቼ በፈተና ላይ እንዳትጽፉብኝ።

ከጋዜጣው ጎን ለጎን ሬዲዮ ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ መጽሐፉ በተማረው ዘንድ ወዲያው ከፍ ያለ ስም አገኘ። ወደ ገጠሩና ወደ ጓዳው ያስገባው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ያነበበው ትረካ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጉዱ ካሣን ግን እንደ ጎረቤት ታውቀው ነበር። የትረካው ሰዓት ሲደርስ ቡናው ቀድሞ ይፈላል፤ ሬዲዮ የሌላቸው ጎረቤቶች ይመጣሉ፤ እኛ ልጆች ብናወራ በቁንጥጫ እንቀጣለን። ትረካው ሲቆም ደግሞ ክርክሩ ይጀምራል፤ ሰብለ ወንጌል ምን ማድረግ ነበረባት፣ ፊታውራሪ መሸሻስ? ሳምንቱን ሙሉ። መጽሐፉን በአንድ ሌሊት ያነበበ ሰው ይህንን አላገኘም። መጠበቅ ራሱ የንባቡ ክፍል ነበር።

በዓሉ ግርማን ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምናነሣው «ኦሮማይ»ንና መጥፋቱን ነው፤ እንዲያ ማድረጋችንም ተገቢ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከመጽሐፉ በፊት ያለው ሕይወቱ ይበልጥ ይነግረናል። በዓሉ ያደገው በ«መነን»ና በ«አዲስ ሪፖርተር» መጽሔቶች፣ ኋላም በ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅነት ነው፤ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ደራሲው በየጊዜው ለኅትመት ቀን መድረስን የለመደ ሰው ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ሌላው ፊት ነው። ልብ ወለዶቹ ለብዙ ዓመታት ሳይታተሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ በጋዜጣና በመጽሔት ላይ የሚጽፋቸው ወጎች ግን ስሙን በሕዝብ ዘንድ አኖሩት። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ሲወጣ መጽሔቱና ጋዜጣው እንደ አሸን ፈላ፤ ብዙው ቶሎ ከሰመ። ከቀሩት መካከል «አዲስ አድማስ» በየቅዳሜው ለአጭር ልብ ወለድና ለወግ ቦታ በመስጠቱ በእኛ ትውልድ ዘንድ የሚመሰገን ነው። እዚህ ባሕር ዳር ላይ «በኵር» ጋዜጣ ለስንት የክልላችን ልጆች የመጀመሪያውን የታተመ ስም እንደሰጠ ቢጠና ደስ ይለኛል፤ ርእስ የጠፋችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አትጥፉ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ቃሉ ራሱ ደስ ይላል። «ጦማር» በግእዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ከግሪክ የመጣ የቆየ ቃል። በበይነ መረብ ላይ በየጊዜው የሚወጣውን የግል ጽሑፍ «ጦማር» ብለው የሰየሙት ሰዎች ዐውቀውም ይሁን ሳያውቁ የጳውሎስን ዓምድና የገዳማቱን መልእክት በአንድ ቃል አስረዋቸዋል። ወረቀት በተወደደበት፣ የማተሚያ ወጪ የመምህርን የብዙ ወር ደመወዝ በሚበላበት ጊዜ ለጀማሪ ጸሐፊ ያለ ዋጋ የተከፈተ ገጽ ትልቅ ነገር ነበር። ዋጋ አልነበረውም ማለቴ ግን አይደለም። ዞን ዘጠኝ በሚል ስም ይጽፉ ከነበሩት ወጣቶች ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረው በሽብር ተከሰዋል፤ ከፊሎቹ በ2007 ማብቂያ ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ ሌሎቹ በጥቅምት 2008 ከሽብሩ ክስ ነጻ ተብለዋል። በየሳምንቱ መጻፍ የሚያስገኘው አንባቢ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ ያ ዘመን አሳይቶናል።

በሥነ ጽሑፉ በኩል ከእኛው ጎጃም ቅርብ የሆነው ምሳሌ በዕውቀቱ ስዩም ነው፤ የማንኩሳ ሰው ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ማንኩሳ። በዕውቀቱ ግጥሙንም ልብ ወለዱንም በመጽሐፍ ጀምሯል፤ ነገር ግን በጋዜጣ ዓምድና ኋላም በፌስቡክ ገጹ የሚያወጣቸው አጫጭር ወጎች ስሙን መጽሐፍ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው አደረሱለት። አንባቢው ከወጉ ተነሥቶ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው ያነሣሁት።

እዚህ ላይ ግን ከወጣት ባልደረቦቼ ጋር የምለያይበት ነጥብ አለኝ። በየቀኑ መጻፍ ብቻውን ጸሐፊ አያደርግም። ቅኔ ቤቱን ካነሣሁ አይቀር ሙሉውን ልናገር፤ በዚያ ከታዳሚው በፊት የኔታ ነበሩ። ተማሪው ነገራውን ሲያቀርብ የሚያርመው ሰው ነበረ፤ ጭብጨባው የሚመጣው ከእርማቱ በኋላ ነው። በጋዜጣም ዘመን አዘጋጅ ነበር፤ ቆራጭ፣ አንዳንዴ ፈሪ፣ አንዳንዴ አድርባይ፣ ግን አንድን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ የሚያነብ ሰው። ዛሬ ጸሐፊው ከታዳሚው ጋር ብቻውን ተፋጧል። ታዳሚው ደግሞ ሲቆጣ የተጻፈውን ከተረጋጋው ይልቅ ይወዳል። በተከታታይ የሚጽፉ ተማሪዎቼን ስከታተል በስድስት ወር ውስጥ ዐረፍተ ነገራቸው ሲጠራ አይቻለሁ፤ በዓመት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ አንባቢ ያጨበጨበለትን አንድ ጽሑፍ ደጋግመው ሲጽፉት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ማለት ይህ ነው። ስለዚህ የምመክራቸው ቀን እንዲወስኑ ነው፤ ቀጥሎም ከዚያ ቀን በፊት ጽሑፉን የሚያይ አንድ ጨካኝ ወዳጅ እንዲፈልጉ። ለጨካኝ ወዳጅነት እኔም አለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ወደዚያ ባለ ፌስታል ተማሪ ልመለስ። የተሳሳተውን መልሴን ይዞ ከሄደ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ አንድ ማተሚያ ቤት የነገረውን ዋጋ ሰምቶ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በዚህ ጊዜ የተሻለ መልስ ሰጠሁት፤ ልብ ወለዱን ለጊዜው ትቶ በየሳምንቱ ዓርብ ስለ ሐይቁ ሰዎች አንድ አንድ ገጽ እንዲጽፍ። ስለ ታንኳ ሠሪዎች ጻፈ፣ ስለ ዓሣ ነጋዴ ሴቶች፣ እንቦጭ ስለሸፈነው የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ። በመጀመሪያው ወር ያነበቡት የዶርም ጓደኞቹ ናቸው። በአምስተኛው ወር ከአገር ውጭ የሚኖሩ የጎርጎራና የደልጊ ሰዎች እየጻፉለት፣ እያረሙት፣ የአያቶቻቸውን ስም እየነገሩት ነበር። «መምህር፣ ዓርብ ካላወጣሁ ይቆጡኛል» አለኝ፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ከዚያ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወራቱ ረዘሙ። እንደ ብዙዎቻችሁ እርሱም ወደ ቤተሰቡ ሄደ፤ ዓርቦቹም ቆሙ። ለወራት ወሬውን አልሰማሁም። ሲመለስ በእጁ የልጆች ደብተር ይዞ ነበር። ዓርብ ዓርብ መጻፉን አላቆመም፤ ማታ ማታ ለቤተሰቡና ለሠፈሩ ሰው በፋኖስ ያነብላቸው ነበር። በደብተሩ ሠላሳ አንድ ጽሑፎች አሉ፤ በየግርጌው ቀን ተጽፏል፤ አንዳንዱ ኅዳግ ላይ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ «ይህ ስሕተት ነው፤ ጀልባዋ የሰመጠችው በክረምት አይደለም» የሚል እርማት ይታያል። ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት። አያቱ ያሉትን ታናሽ እኅቱ እንደጻፈችው ነገረኝ። ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ እያነበብሁት ነው፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደርሻለሁ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።